ጀባ የምንለው ቡና ከየት መጣ?

ወሎ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ የወሎ ቡና የሚፈላበትን ቤት ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። ደሴ ገበያ ወጥቶ ነጋዴውን «ይህ የየት ቡና ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የጅማ፣ የወለጋ ወይም የሐረር የሚል ነው። ከከተማዋ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ወደ ኮምቦልቻ ሲዘልቁ፣ ወይም በሰሜን በኩል ሐይቅን አልፈው ወደ ውጫሌ ሲያቀኑ፣ በየወንዙ ዳርና በየጓሮው፣ ከዋንዛና ከማንጎ ጥላ ሥር ቡና ተክለው የሚኖሩ ገበሬዎች እንዳሉ ግን ከእኛው ከከተሜዎቹ መካከል እንኳ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ስለ ባለ ልዩ ጣዕም ቡና የሚጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር እታዘባለሁ። ተራራው፣ ገዳሙ፣ ጀበናውና ዕጣኑ በሰፊው ይተረክና ቡናው ራሱ መጨረሻ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይደርሰዋል። እኔም ወሎዬ ነኝና የአገሬን ታሪክ ማውራት አልጠላም። ነገር ግን የወሎ ቡና እስከ ዛሬ ስሙ ከይርጋጨፌ፣ ከሲዳማና ከሐረር ጎን ያልተነሣው ታሪክ አጥቶ ወይም ከፍታ ጎድሎት አይደለም ባይ ነኝ። የጎደለው ከለቀማ እስከ ማድረቂያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው፤ ይህንንም ሥራ ማንም ገበሬ ካልተከፈለበት አይሠራውም።

በቅድሚያ ስለ መሬቱ ትንሽ ልበል። በደቡብ ወሎ አምባሰል፣ ተሁለደሬ፣ ወረባቦና ቃሉ፣ በሰሜን ወሎ ደግሞ ሀብሩ ቡና የሚበቅልባቸው ወረዳዎች ናቸው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ብርዷ ለቡና አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ግን ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ወደ ባቲ ሲወረድ ደግሞ ከፍታው እስከ 1,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ቡናው ያለው በእነዚህ መካከል በተዘረጋው ወይና ደጋ ነው። ከፍ ባለና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የቡና ፍሬ ቀስ ብሎ ስለሚበስል የበለጠ ስኳር ያጠራቅማል፤ ፍሬውም ጠንካራና ክብደት ያለው ይሆናል። የቡና ጥራት የሚመዝኑ ቀማሾች በስኒ ውስጥ የሚፈልጉት ጥፍጥናና ደስ የሚል ኮምጣጣነት መነሻው ይህ የዝግታ ብስለት ነው፤ በዚህ ረገድ የአምባሰል ገደል ሥር ያለው ጓሮ ከደቡብ ኮረብቶች የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በወሎ ቡና ላይ ትልቁን ፈተና የሚያመጣው ዝናቡ ነው። እኛ በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉን፤ በልጉ ደግሞ የማይታመን ነው። የቡና እምቡጥ በበጋው ድርቀት እንቅልፍ ላይ ይቆይና ጥሩ ዝናብ ባገኘ ከሳምንት ከጥቂት ቀናት በኋላ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። በልጉ በየካቲት ጥቂት ጥሎ ከጠፋ፣ በመጋቢት መጨረሻ ተመልሶ ከመጣ፣ በሚያዝያም እንደገና ካካፋ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ ያብባል። ውጤቱ የሚታየው በለቀማ ጊዜ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ደም የመሰለ ቀይ፣ ገና ቢጫ የሆነ፣ ጨርሶ አረንጓዴ የሆነና ደርቆ የጠቆረ ፍሬ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ቀይ ቀዩን እየመረጡ ደጋግሞ መልቀም ለወሎ በጣም ያስፈልጋል። በተግባር የምናየው ግን ቅርንጫፉን በእጅ ይዞ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ መግፈፍን ነው።

ታሪኩን ለሚሻ፣ ቡናው የተተከለባቸው ወረዳዎች በታሪክ የታጨቁ ናቸው። መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ ምእመናን የሚጎርፉባት ግሸን ማርያም በአምባሰል ወረዳ ናት፤ ይህችው የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት ስፍራ ነበረች። የውጫሌ ውል እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመባት ውጫሌም እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳም ያደረጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ በተሁለደሬ፣ የመውሊድ በዓል በድምቀት የሚከበርበት ጀማ ንጉሥ ደግሞ በአልቡኮ ይገኛሉ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከዚሁ ምድር ስም ጋር አንድ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የቡና ከረጢት ላይ ማስፈር ቢቻል ከረጢቱ ይጠባል።

ቡናና ሃይማኖት በወሎ የተገናኙበት መንገድ ግን በከረጢት ላይ ከሚለጠፈው ሥዕል ይልቅ ትኩረት የሚሻ ይመስለኛል። በ15ኛው መቶ ዘመን በየመን የነበሩ ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ቡና ይጠጡ እንደነበር በታሪክ የታወቀ ነው። በእኛም አገር በወዳጃ፣ ማለትም ሰው ተሰባስቦ ፈጣሪውን በሚለማመንበት ሥርዓት ላይ፣ ዱዓው የሚደረገው ቡናው ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ ነው። በአንጻሩ የኦርቶዶክስ ካህናት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡና መጠጣትን ይነቅፉ ነበር፤ ነገሩ የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ በወሎ አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን በሆነበት ቤት ሥጋው ይለያይ እንጂ ቡናው አይለያይም። አቦሉ ሲቀዳ «ጀባ» ይባላል፤ ታላቁ ሰው ይመርቃል፤ ቶናውና በረካው ይከተላሉ። አንድ ጎረቤት ሳይጠራ መቅረቱ እስከ ዛሬ የሚያስወቅስ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ቀማሹ ማንኪያውን ሲያነሣ የሚያገኘው ፈሳሹን ብቻ ነው። አገራችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቷን፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራም በ2007 ስምምነት ላይ መድረሷን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ክርክር ያዋጣው ስሞቹ ቀድሞውኑ በገዢው ምላስ ላይ የታወቀ ጣዕም ስለነበራቸው ነው። ላሊበላን ወይም ግሸንን በከረጢት ላይ አትሞ ውስጡን ከሌላ አገር በመጣ ቡና መሙላት፣ ወይም ደግሞ የወሎን ቡና ቀይ ቀዩን ሳይመርጡ፣ በወጉም ሳያደርቁ እንዲሁ መሸጥ፣ ለጎብኚ አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛ ግን አይሸጥም።

ታዲያ «ባለ ልዩ ጣዕም» የሚባለው ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ዓለም አቀፍ አሠራር መሠረት ቡናው በሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ ይመዘንና 80ና ከዚያ በላይ ካገኘ በዚህ ስም ይጠራል። ከቅምሻው በፊት 350 ግራም ጥሬ ቡና ተዘርግቶ ይመረመራል፤ እንደ ጥቁር ፍሬ፣ የኮመጠጠ ፍሬና ሻጋታ ያሉት ከባድ ጉድለቶች አንድም እንዲገኙበት አይፈቀድም፤ ቀላል የሚባሉትም ከአምስት እንዳይበልጡ ይፈለጋል። ነጥቡ ለመዓዛው፣ ለጣዕሙ፣ በአፍ ውስጥ ለሚቆየው ስሜት፣ ለኮምጣጣነቱ፣ ለጥፍጥናው፣ ለንጽሕናውና ለመሳሰሉት ይከፋፈላል። ከእነዚህ ውስጥ ከፍታና ዘር የሚያመጧቸው አሉ፤ ንጽሕናና ከአንዱ ቡና የሚቀዱት ስኒዎች ጣዕማቸው አንድ ዓይነት መሆን ግን በአብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ናቸው። ወሎ ነጥብ የምትጥለው በእነዚህኛዎቹ ነው።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀማሽ መሆን አያስፈልገውም፤ ምጣድ ይበቃዋል። ባለፈው ጊዜ ከተሁለደሬ ያመጣሁትን ቡና ጎረቤታችን አጥባ ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፍሬው መጀመሪያ ሁሉም አንድ መስሎ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቀረፋ መሰለ፤ መንጣጣት ሲጀምር ግን አብዛኛው ጠይም ሲሆን እዚህም እዚያም ያሉ ፍሬዎች እንደ ኦቾሎኒ ገርጥተው ቀሩ። ማማሰያዋን ቆም አድርጋ «እነዚህ እኮ ገና ሕፃን ሳሉ የተለቀሙ ናቸው፤ ስትቆላቸው ውለህ ብታድር አይጠቁሩም» አለችኝ። ልክ ናት። ጥሬ ሳለ የተለቀመ ፍሬ ስኳሩ ስላልሞላ በእሳት አይጠቁርም፤ ሲፈጭና ሲፈላ ደግሞ የገለባና የወረቀት ጣዕም ይሰጣል። ከአንድ እፍኝ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ጀበናውን ለማበላሸት በቂ ናቸው። ጎረቤታችን በጣቷ እየለቀመች አወጣቻቸው፤ እኔ እነሱን ብቻ ሰብስቤ ፈጨሁና ለየብቻ አፈላሁ። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጉንጭ ይበቃል፤ የተጠራጠረ ይሞክረው።

ሁለተኛው ችግር ማድረቁ ነው። የወሎ ቡና በአብዛኛው ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ የሚቀመጥ እንጂ የሚታጠብ አይደለም። በዚህ አላዝንም፤ ውኃ በሚያጥርበት አገር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማቋቋም ለጊዜው አያዋጣም፤ የሐረር ቡና ዓለምን ያስደነቀውም ሳይታጠብ ነው። ከለቀማ በኋላ ያለው የበጋ ፀሐይና ደረቅ አየራችን ላልታጠበ ቡና ምቹ ነው። የሚያስከፋኝ የሚሰጣበት ቦታ ነው። በግቢው አፈር ላይ፣ ዶሮ በሚጭርበትና ልጅ በሚሮጥበት፣ ሌሊት ጤዛ እየወረደበት፣ ወፍራም ሆኖ ሲቆለል ታችኛው ይሻግታል፤ የላይኛው ይሰነጠቃል። ከመሬት ከፍ ብሎ በሽቦ ወይም በሸምበቆ በተሠራ አልጋ ላይ ሳሳ ብሎ ተሰጥቶ፣ በቀን ደጋግሞ እየተገለበጠ፣ ፀሐይ ሲበረታና ሌሊት ሲሆን እየተሸፈነ ቢደርቅ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ገበሬም የራሱ ዘዴ አለው፤ ጀንፈሉን በጆሮው አጠገብ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ ደርቋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ቡናውን ለሚሸጡልኝ አዛውንት ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና ወደ ታችኛው እርሻቸው ጠቆሙኝ። እዚያ ያለው ጫት ነው። «ልጄ፣ ያንን ውኃ ካጠጣሁት በዓመት ስንቴ ይቆረጥልኛል፤ ጠዋት ቆርጬ ከቀትር በፊት ብሩን እይዛለሁ። ቡናው ዓመት ጠብቆ አንዴ ነው፤ እሱንም ቀይ ቀዩን ልቀም ትለኛለህ። ነጋዴው እንደሆነ ቀዩንም አረንጓዴውንም በአንድ ዋጋ ነው የሚሰፍርልኝ» አሉ። «እውነትዎን ነው አባቴ» ከማለት በስተቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል፤ አዲስ የተተከለ ቡና ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ለአንድ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ የሚለቅም ሰው የቀን ሥራውን ዋጋ ካላገኘ መግፈፉ ስንፍና ሊባል አይገባም። ስለ ጥራት ለገበሬ ትምህርት ለመስጠት የሚወርዱ ባለሙያዎች ይህን ክፍል ዘለው ነው የሚናገሩት።

በዚህ ረገድ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለውን የሐራዝን ተራራ ሳስብ ተስፋ አደርጋለሁ። ሐራዝ በየመን ከሰንዓ በስተምዕራብ፣ ማናኻ በምትባለው ከተማ ዙሪያ የሚገኝ ደጋ ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ እንደ አል ሐጀራ ያሉ በድንጋይ የተካቡ ጥንታዊ መንደሮች አሉት፤ በ11ኛው መቶ ዘመን የሱለይሂ ሥርወ መንግሥት የተነሣውም ከዚያ ነው። ቡናው በእርከን ላይ ይተከላል፤ ሳይታጠብ ይደርቃል፤ ዝናቡም ልክ እንደኛው ቆጥቋጣ ነው። ጫትም እርከኑን እንደ እኛው ወርሮት ነበር። በዚያ የሚኖሩ ዳውዲ ቦህራ የተባለ የሙስሊም ማኅበረሰብ አባላት በመንፈሳዊ መሪያቸው ምክር ጫታቸውን ነቅለው በምትኩ ቡና መትከላቸው፣ ዛሬም የሐራዝ ቡና በዓለም ላይ በውድ ከሚሸጡት አንዱ መሆኑ ለወሎ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። ዘሩ በጥንት ጊዜ ከእኛ ተሻግሮ የሄደ ነው። ገዢ ሐራዝን ስለ ድንጋይ ቤቶቹ ብቻ አይከፍለውም፤ ቀይ እሸት እየተመረጠ ተለቅሞ በአልጋ ላይ በመድረቁ ነው ዋጋው ከፍ ያለው። መንደሩና ታሪኩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምርቃት ናቸው።

ወደ ጀበናው ልመለስና ስለ አቆላሉ አንድ ነገር ልናገር፤ ዘመዶቼ እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ። እኛ ቡናን የምንቆላው እስኪጠቁርና ወዙ እስኪወጣ ነው፤ ጭሱ ሲዞር እያንዳንዱ በእጁ ወደ ራሱ ይስበዋል። ሥርዓቱን አልነካም። ይሁንና እስከዚያ ድረስ የተቆላ ቡና የአምባሰልም ይሁን የጅማ ጣዕሙ ይቀራረባል፤ እሳቱ የመሬቱን ጠባይ ይበላዋል። በየገጠሩ ጨው ጣል የሚደረግበትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨው ምሬትን ያደበዝዛል። በጥንቃቄ ተለቅሞ በአግባቡ የደረቀ ቡና ግን መንጣጣቱን ጨርሶ ጠይም እንደሆነ ከምጣዱ ቢወርድ ጨውም ስኳርም አይፈልግም።

በቤት ውስጥ የማደርገው ቅምሻ ቀላል ነው። ቀማሾች ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8 ግራም ከሩብ ያህል ቡና ይጠቀማሉ፤ የእኛ ስኒ የዚያ ግማሽ ያህል ስለሚይዝ 4 ግራም ይበቃዋል። ቡናው ሻካራ ሆኖ ይፈጫል፤ ውኃው ይፈስበታል፤ አራት ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ የረጋው በማንኪያ ገለል ሲደረግ አፍንጫን ጠጋ አድርጎ ማሽተት ነው። መጻሕፍቱ ውኃው 93 ዲግሪ አካባቢ ይሁን ይላሉ፤ ደሴ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ መጨነቅ አይገባንም፤ በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይደርስ ነውና ፈልቶ እንደወረደ ማፍሰስ ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው አዛውንት ጓሮ ቀይ ቀዩን ብቻ ራሴ ለቅሜ፣ ጣሪያ ላይ በሽቦ ወንፊት ያደረቅሁት ጥቂት ቡና በዚህ ዓይነት ሲቀመስ የደረቀ ፍራፍሬ የሚመስል ጥፍጥና ነበረው፤ ሲበርድም አልኮመጠጠም። ከዚያው ጓሮ ተገፎ አፈር ላይ የደረቀው ግን የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበረው። ዛፉ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ እሳቱም አንድ ነበር።

ለመጪው ለቀማ ከአዛውንቱ ጋር የተነጋገርነው እንዲህ ነው። ከምንጩ አጠገብ ያሉትን ዛፎች ብቻ ለይተው ቀይ ቀዩን ያስለቅማሉ፤ ለለቃሚዎቹ የሚከፈለውን የቀን ዋጋ እኔና ቡናውን የምንካፈለው ጥቂት ወዳጆቼ በቅድሚያ እንሸፍናለን፤ ጀንፈሉንም ነጋዴው ከሚሰጠው ዋጋ በላይ ጨምረን እንወስዳለን። የአልጋው እንጨት ከባሕር ዛፋቸው ይቆረጣል፤ ሽቦውን ከኮምቦልቻ እኛ እናመጣለን። ጫቱን ስለመንቀል አላነሣሁባቸውም፤ እሳቸውም አላነሡም። ቡናው በእርግጥ የተሻለ ገንዘብ ካመጣላቸው በታችኛው እርሻ ምን እንደሚተክሉ ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።